ለመቀመጥ አምስት ሳንቲም

እ.ኤ.አ. በ1901 የሐምሌ ወር ሲገባ ኒውዮርክ እንደ ምጣድ ግላ ነበር። በታችኛው ማንሃታን የድሆች ሰፈሮች፣ በአንዲት ክፍል ተፋፍገው የሚኖሩ ቤተሰቦች ፍራሻቸውን ይዘው ጣሪያ ላይና የእሳት አደጋ ማምለጫ ደረጃ ላይ ያድሩ ነበር። ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ወድቀው ይሞቱ ነበር። በዚያ ሙቀት በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ቤቱ እንደ ምድጃ የነደደበት ሰው የቀረው መሸሻ መናፈሻ ነበር፤ የዛፍ ጥላ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ አግዳሚ ወንበር። ለሁለቱም የሚከፈል ነገር አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ወደ ማዲሰን ስኩዌር መናፈሻ የሄዱ ሰዎች ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የቆዩት አግዳሚ ወንበሮች ከጥላው ተነሥተው ሌላ ቦታ ተደርድረዋል። በጥላው ውስጥ ትራስ ያላቸው ተወዛዋዥ ወንበሮች ገብተዋል። ደክሞት አንዱ ላይ አረፍ ያለ ሰው ወዲያው ሠራተኛ ይመጣበትና አምስት ሳንቲም ይጠይቀዋል። ካልከፈለ ተነሥ ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው ኦስካር ስፔት የተባለ ሰው የከተማዋን የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ጆርጅ ክላውሰንን ባነጋገረ ጊዜ ነው። ስፔት ያቀረበው ሐሳብ ሲሰሙት ክፋት የለበትም። ለከተማዋ በዓመት 500 ዶላር ይከፍላል፤ በማዲሰን ስኩዌር፣ በዩኒየን ስኩዌርና በሴንትራል ፓርክ 200 ምቹ ወንበሮች ያስቀምጣል፤ መቀመጥ የፈለገ ይከፍላል፤ ያልፈለገ የለመደው አግዳሚ አለለት። በለንደንና በፓሪስ መናፈሻዎች የሚከራይ ወንበር የተለመደ ነገር ነበር። ኮሚሽነሩ ተስማማ፤ የአምስት ዓመት ውል ተፈረመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። 200 ወንበር አንድ ጊዜ ሲሞላ 10 ዶላር ያስገባል። ሃምሳ ጊዜ ከሞላ የዓመቱ ኪራይ ወጣ ማለት ነው። በሞቃት የበጋ ቀን አንድ ወንበር በቀን ስንት ሰው እንደሚቀያየርበት ለሚያስብ፣ ከተማዋ የዓመት ጥላዋን በጥቂት ሳምንታት ገቢ እንደሸጠች ይገባዋል። ክላውሰን ይህን ሒሳብ ሠርቶት ይሁን አይሁን፣ ውሉ ግን ተፈጽሟል።

ሙቀቱ ሲበረታ ሰዉ እምቢ አለ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ተቀምጦ አልከፍልም አለ፤ ፖሊስ ተጠራ። “ሰን” እና “ጆርናል” የተባሉት ጋዜጦች ጉዳዩን አነሡት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለመቀመጥና ላለመክፈል ብለው ሆን ብለው ወደ መናፈሻው መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን አንድ ሺህ የሚሆኑ ወንዶችና ልጆች የወንበሩን ሠራተኛ ከመናፈሻው አባረው አስወጡት፤ ወንበሮቹን ገለበጡ፣ ሰባበሩ። ረብሻው ለቀናት ቀጠለ። ሐምሌ 11 ቀን የመናፈሻዎች አስተዳደር ውሉን ሰረዘ። ያን ማታ 10,000 ሰው በማዲሰን ስኩዌር ተሰብስቦ በሙዚቃ ባንድ ታጅቦ ደስታውን ገለጸ። ስፔት ዝም አላለም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉ እንዳይፈርስ እግድ አወጣ። “ጆርናል” ደግሞ በበኩሉ ከተማዋ የሚከፈልባቸውን ወንበሮች እንዳትፈቅድ ሌላ እግድ አስወጣ። በስተመጨረሻ ወንበሮቹ ከመናፈሻው ወጡ።

ሰዉን ያስቆጣው አምስት ሳንቲም ነው ወይ? በዚያን ጊዜ አምስት ሳንቲም የአንድ የትራም ጉዞ ዋጋ ነበር። ለቀን ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ ባይሆንም፣ አሥር ሺህ ሰው የሚያሰልፍ አይደለም። ሊቀመጥ የፈለገ ይክፈል ሲባል፣ ያልከፈለው ደግሞ እንደ በፊቱ ይቆያል የሚል ቃል አብሮ ነበር። ያ ቃል ነው የፈረሰው። የነፃው ወንበር ጥላውን ለቀቀ። ከአስተዳደሩ ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ይህን ዝርዝር መናፈሻው ውስጥ የገባ ሕፃን ሳይቀር አይቶታል።

ከተሞች ለመናፈሻ፣ ለመዋኛ ገንዳና ለቤተ መጻሕፍት ክፍያ ሲተምኑ ይኸው ጥያቄ ይመላለሳል፤ መልሱም እንደየዘመኑ ይለያያል። ለመረዳት ከማዲሰን ስኩዌር ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ወደ እንግሊዝ መሻገር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዟ የደርቢ ከተማ፣ ጆሴፍ ስትራት የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለጸጋ ለከተማው ሕዝብ አንድ ትልቅ የዕፅዋት መናፈሻ ሰጠ። በፋብሪካ ጭስ የታፈነ ሠራተኛ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን ስጦታው ላይ አንድ የጎደለ ነገር ነበር፤ ለእንክብካቤ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ አልተመደበለትም። አትክልተኛ ይቀጠራል፣ አጥር ይጠገናል፣ ከየት? መፍትሔው ስምምነት ሆነ። በሳምንት አምስት ቀን በክፍያ፣ እሑድና ረቡዕ በነፃ። የረቡዕ ነፃ መሆን ትንሽ ያስቃል፤ ሠራተኛው ረቡዕ የት እንዳለ ለማወቅ የፋብሪካውን ፉጨት መስማት ይበቃል። ስለዚህ መናፈሻ የታሰበለት ሰው በተግባር የነበረችው እሑድ ብቻ ናት፤ እሱም ከቅዳሴ ሰዓት ውጪ። የመግቢያ ክፍያው የተነሣው በ1882 ነው፤ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ።

ከሊቨርፑል ወንዙን ተሻግሮ የምትገኘው በርከንሄድ ሌላ መንገድ ያዘች። ይህኛው መንገድ ዛሬም ቢሆን የሚገባውን ያህል አይወራለትም። የከተማዋ አስተዳደር በ1840ዎቹ 226 ኤከር ረግረጋማ መሬት ገዛ። 125 ኤከሩን ለሕዝብ መናፈሻ አደረገና ዲዛይኑን ለጆሴፍ ፓክስተን ሰጠ። የቀረውን በመናፈሻው ዙሪያ ለመኖሪያ ቤት ሸንሽኖ ሸጠ። በጠዋት መስኮቱን ከፍቶ ሐይቅና ዛፍ ማየት የሚፈልግ ባለሀብት ለቦታው ደህና ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ የመናፈሻው ወጪ ይሸፈናል። በሩ ላይ ግን ትኬት የለም። መናፈሻው በ1847 ተመርቆ ተከፈተ፤ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ ለሁሉም በነፃ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የከተማ መናፈሻ ተብሎ ይታወቃል።

በ1850 አንድ ወጣት አሜሪካዊ በበርከንሄድ አለፈ። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ይባላል። ገበሬም ጸሐፊም ነበር። በመናፈሻው ውስጥ ድሃውም ሀብታሙም እኩል ሲዝናና አይቶ ተገረመ፤ አገሩ ሲመለስ ይህንኑ ጻፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ ከካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ የሴንትራል ፓርክን ንድፍ ውድድር አሸነፈ። የኒውዮርክ ሹማምንትም ከበርከንሄድ የተማሩት አንድ ሒሳብ ነበር። በመናፈሻው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች የመሬት ግምት በየዓመቱ እንዴት እንደሚያድግ እየመዘገቡ፣ ከዚያ የሚገኘው ተጨማሪ የንብረት ግብር የመናፈሻውን ዕዳ እንደሚከፍል ለሚጠራጠር ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ሴንትራል ፓርክን በነፃ የመጣ ነገር አድርጎ ማቅረብ ግን ታሪኩን ማጉደል ነው። መናፈሻው ካረፈበት መሬት አንዱ ክፍል ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ ብዙዎቹ የራሳቸው መሬትና ቤት ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤትም ነበራቸው። በ1857 ከ200 በላይ ሰዎች ተነሥተው መንደሩ ፈረሰ። በሩ ላይ ማንም የማይከፍልበት መናፈሻ፣ ከመከፈቱ በፊት የከፈሉለት ሰዎች ነበሩ። ልማት ከሰፈሩ ላነሣው ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዚያው ዘመን የራሱን ክርክር ይከራከር ነበር። በእንግሊዝ መጽሐፍ ተውሶ ማንበብ የፈለገ ሰው እንደ ሙዲ ባሉ የግል አከራዮች ዘንድ በዓመት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ ይከፍል ነበር። ይህ ለአንድ የእርሻ ሠራተኛ ከሳምንት ደሞዝ በላይ ነው። በ1850 ዊሊያም ዩዋርት የተባለ የምክር ቤት አባል ከተሞች ከንብረት ግብር ላይ በፓውንድ ግማሽ ፔኒ ወስደው ቤተ መጻሕፍት እንዲያቋቁሙ የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባሉ አባል ተነሥተው ማንበብ ጨርሶ እንደማይወዱ፣ ኦክስፎርድ እያሉም እንደጠሉት ተናገሩ። ከሳቸው ይልቅ ከባዱ ጥያቄ የግብር ከፋዩ ነበር፤ እኔ የማላነበውን መጽሐፍ ለምን እገዛለሁ?

ሕጉ ለዚህ የሰጠው መልስ ግማሽ ነበር። ሕንፃና ሠራተኛ በግብር ይሁን፣ መጽሐፉን ግን ከለጋሽ ፈልጉ አለ። መደርደሪያ ያለው መጽሐፍ የሌለው ቤት ማለት ነው። ይህ በ1855 ተስተካክሎ ግብሩም ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያውም ቁርጥ ተደርጎ ተጽፏል፤ መግቢያው በነፃ ይሁን። በአትላንቲክ ማዶ የቦስተን ሰዎች ይህንኑ ሐሳብ በ1895 በተከፈተው የቤተ መጻሕፍታቸው ሕንፃ ደጃፍ ላይ በድንጋይ ቀርጸውታል፤ ለሁሉም በነፃ የሚል ነው።

የብረት ንጉሥ የሚባለው አንድሩ ካርኔጊ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። (በብረት ፋብሪካው ሠራተኞች ላይ የደረሰው በደል ሌላ ታሪክ ነው፤ አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ ይልቅ ደሞዝ ይሻለን ነበር ማለታቸው አይፈረድባቸውም።) ካርኔጊ ከደርቢው ስትራት የተሻለ ያሰበው አንድ ነገር አለ። ከተማው መሬቱን እንዲያቀርብና የሕንፃውን ዋጋ አሥር በመቶ በየዓመቱ ከግብር እንዲመድብ በቅድሚያ ያስፈርም ነበር። መገንባት ቀላል መሆኑን፣ አስቸጋሪው በየዓመቱ በሩን ከፍቶ ማኖር መሆኑን ነጋዴ ስለሆነ ያውቃል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ለጋሽ አይጠፋም። በአሥረኛው ዓመት የሚያፈስ ጣሪያ ግን ለጋሽ የለውም፤ ክፍያ በበሩ ላይ የሚተከለው ያኔ ነው።

በ1936 በጋ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ላይ ሳለች፣ ሮበርት ሞሰስ በፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ፈጠራ ገንዘብ በኒውዮርክ 11 ግዙፍ የመዋኛ ገንዳዎችን ከፈተ። እዚያም ክፍያ ነበረ፤ ለአዋቂ 20 ሳንቲም፣ ለልጅ 10። ነገር ግን በሥራ ቀናት ጠዋት ልጆች በነፃ ይገባሉ። ይህኛው የነፃ ሰዓት ከደርቢው ረቡዕ በጣም ይሻላል፤ በበጋ ዕረፍት ላይ ያለ የድሃ ልጅ በእርግጥ ሊደርስበት የሚችል ሰዓት ነውና።

በደቡባዊ ግዛቶች ግን የገንዳው በር ለሌላ ሥራ ዋለ። ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይዋኙ የሚል ፍርድ ሲመጣ ብዙ ከተሞች ገንዳዎቻቸውን ዘጉ፤ ነጮች በአባልነት ክፍያ የሚገቡባቸው የግል ክለቦች ተበራከቱ። የሚሲሲፒዋ ጃክሰን የሕዝብ ገንዳዎቿን መዝጋቷ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ከተማዋን ደግፈዋል። ሰሌዳ ተነሥቶ የአባልነት ካርድ ተተካ።

ለዛሬው የክፍያ ሥርዓት ትልቁ መታጠፊያ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ሰኔ 6 ቀን 1978 የግዛቲቱ መራጭ “ፕሮፖዚሽን 13” የተባለውን የሕዝብ ውሳኔ በሰፊ ድምፅ አጸደቀ። የንብረት ግብር ከግምቱ አንድ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ከከተሞችና ከአውራጃዎች የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ጊዜ ጠፋ። የፖሊስና የእሳት አደጋ በጀት መንካት ያስፈራል። ስለዚህ መቀስ የወረደው ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻ ላይ ነው፤ የሥራ ሰዓት አጠረ፣ የልጆች የኳስ ሥልጠናና የዋና ትምህርት ዋጋ ተቆረጠለት። ከካሊፎርኒያ የተነሣው ነፋስ ሌሎች ግዛቶችንም አዳረሰ። የመናፈሻ ኃላፊዎች ስለ ዛፍ ከማውራት ይልቅ “ወጪ መመለስ” ስለሚባል ነገር ማውራት ጀመሩ፤ አንድ አገልግሎት ከሚያስወጣው ውስጥ ስንት በመቶውን ከተጠቃሚው ኪስ ያስገባል የሚል መለኪያ ነው።

ለክፍያ የሚከራከሩት ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም፤ ሊሰሙ ይገባል። የጎልፍ ሜዳ በግብር ሲጠበቅ፣ ጎልፍ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ጫኝና አውራጅ ለሐኪሙ መዝናኛ እየከፈለ ነው። አዳራሽ ለሰርግ የያዘ ሰው ለዚያ ቀን ሌላውን ሰው አስወጥቷል፤ ቢከፍል ምን ነውር አለው? አንድ ጀልባ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አይይዝም። በነፃ የሆነ ነገር ይባክናል፣ ይሰበራል የሚለውም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሙሽሮች አጀብ ካሜራውንና መኪናውን ይዞ አንድ መናፈሻ ሲሞላ፣ ልጁን ሊያጫውት የመጣው ሰው ጥግ ይይዛል። ለአጀቡ ዋጋ መቁረጥ ፍትሕ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሰርጉ ፎቶ ወደ አግዳሚው ወንበር ሲሸጋገር ነው። ወንበሩ ላይ አንድ አዛውንት ቢቀመጡ ከተማዋ የምታወጣው ተጨማሪ ወጪ የለም። ሳንቲሙን ለመሰብሰብ ግን አጥር፣ በር፣ ትኬት ቆራጭ፣ ተቆጣጣሪ፣ የተቆጣጣሪ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ለማይችሉት በነፃ ይሁን ሲባልም ማን አለመቻሉን ማን ያረጋግጣል? የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ደጅ የጠና ሰው መልሱን ያውቀዋል። ለሕክምና ሲሆን ሰው ፊቱን ጥሎ ይሰለፋል። ልጁን ዥዋዥዌ ለማጫወት ግን ድሃ ነኝ ብሎ የሚያስመሰክር ወላጅ ብዙ አይደለም። ቤቱ ይቀመጣል፤ በመዝገብ ላይም “ፈላጊ የለውም” ተብሎ ይጻፋል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ በቅርቡ የታየው በቤተ መጻሕፍት ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በነፃ ቢያውሱም ላዘገየ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅጣት ይጠይቁ ነበር። ማንም እንደ ክፍያ አይቆጥረውም፤ ሥርዓት ማስከበሪያ ነው የሚባለው። ሳንፍራንሲስኮ በ2019 ጉዳዩን ስታስጠና፣ መጽሐፍ ማዘግየት በሀብታምና በድሃ ሰፈር እንደማይለይ፣ ቅጣቱን መክፈል አቅቶት ካርዱ የሚታገደው ግን በብዛት የድሃ ሰፈር ሰው እንደሆነ ታወቀ። ከተማዋ በዚያው ዓመት ቅጣቱን አነሣች። ቺካጎ ተከተለች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ለዓመታት ጠፍተው የነበሩ መጻሕፍት በብዛት መመለስ ጀመሩ። ሰዉ መጽሐፉን ያልመለሰው ሊሰርቀው ፈልጎ አልነበረም፤ ዕዳውን ፈርቶ ነው። በ2021 ኒውዮርክ ቅጣቱን ስታነሣ በ15 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ካርዳቸው የታገደ ነዋሪዎች ወደ 400,000 ይጠጉ ነበር። ሥርዓት ማስከበሪያ የተባለው ነገር አንድ ትልቅ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ከመጽሐፍ አግዷል።

ኒውዮርክ ከተነሣች ወንበሩም ተመልሷል። ከማዲሰን ስኩዌር ብዙም በማይርቀው ብራያንት ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሰው እያነሣ ወደ ፈለገበት ጥላ የሚወስዳቸው ቀላል ወንበሮች ተቀምጠዋል። በነፃ ናቸው። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል፣ በዙሪያው ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች በመናፈሻው ምክንያት ኪራያቸው ስለጨመረ ልዩ መዋጮ ይከፍላሉ፤ በመናፈሻው ውስጥ ያለው ምግብ ቤትም ኪራይ ይከፍላል። በዝግጅትና በማስታወቂያ ብዛት የሕዝብነቱን ለዛ አጥቷል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ቢሆንም ከበርከንሄድ የተነሣው ሒሳብ 150 ዓመት ቆይቶ እዚህ ደርሷል፤ ከመናፈሻው የሚያተርፈው ጎረቤት ይክፈል፣ ተቀማጩ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከተማዋ ላለፉት ዓመታት መናፈሻ ስትሠራ ከርማለች። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የተካሄደው “ገበታ ለሸገር” አንድ ሰው በ5 ሚሊዮን ብር የሚታደምበት እራት ነበር፤ ገንዘቡም 29 ቢሊዮን ብር ለተገመተው የወንዞች ዳርቻ ልማት ነው። እንደ ስትራት፣ እንደ ካርኔጊ፣ የመገንቢያ ገንዘብ ከባለሀብት ተገኘ። በመስከረም 2012 መጨረሻ ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ ተራው ሰው ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ሲያየው የኖረ ግቢ ለሕዝብ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ 200 ብር፣ ለልዩ መስተንግዶ ደግሞ 1,000 ብር ነበር። በዚያ ጊዜ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደሞዝ 1,100 ብር ነው። የአንድ ሰው ትኬት የወር ደሞዙን አንድ አምስተኛ ሊወስድበት ምንም አልቀረው። በልዩ መስተንግዶ ልግባ ካለ ደግሞ ለወሩ 100 ብር ይተርፈዋል።

ቅርስን የሚጠብቅ፣ አንበሳ የሚቀልብ፣ አትክልት የሚያጠጣ ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ዋጋው አንድ መልስ ነው። ግን ብቸኛው መልስ አልነበረም። በርከንሄድ መሬቱን መጀመሪያ መግዛት ነበረባት። በአዲስ አበባ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ በሊዝ ጨረታ የሚያወጣውም ራሱ ነው። መናፈሻ አጠገብ ያለ ቦታ በጨረታ የሚጨምረው ዋጋ፣ መናፈሻ የሚያይ ሆቴልና አፓርታማ በኪራይ የሚጨምረው ገንዘብ፣ ከመናፈሻው የመጣ ገንዘብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጸድቅ ክርክሩ ሁሉ ባለቤት ምን ያህል ይከፍላል በሚለው ላይ ነበር፤ ከተሰበሰበው ውስጥ ለየትኛው በር ስንት ይመደባል የሚለውን ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የኒውዮርክ ሹማምንት በየዓመቱ ሲያወጡት የነበረው ዓይነት ሠንጠረዥ፣ የመናፈሻው ወጪ ይህን ያህል፣ በዙሪያው የጨመረው የመሬት ግምት ይህን ያህል የሚል፣ ለሸገር ቢወጣ የትኬቱን ክርክር ከስሜት ወደ ቁጥር ያወርደው ነበር።

ከተማዋ ደግሞ ሌላውን መንገድ አታውቀውም አይባልም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ የወጣበት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ፣ አንባቢ እንዲገባ የተወሰነው በነፃ ነው። ጠዋት በሩ ላይ የሚሰለፉት ተማሪዎች ቤታቸው መብራት ይኑር አይኑር፣ ጠረጴዛ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚጠይቃቸው የለም። ፍተሻ አልፈው ገብተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አንድነት ፓርክ በእግር የሚኬድ ነው። ተማሪው ሲደክመው ትንሽ አረንጓዴ ልይ ብሎ ቢሄድ፣ እዚያኛው በር ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው የትኬት መስኮት ነው።